ቶንሲል የልጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጤና ገጻችሁ ስለ ቶንሲል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ልጆች የተባለው ሁሉ ደህና ነው። እኔም የተማርኩበት ነገር አለ። ስለ አዋቂዎች ግን ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «አልፎ አልፎ አዋቂዎችም ቶንሲላቸውን ሊያስወጡ ይችላሉ» ትላለች። እኔ እንግዲህ ከነዚያ «አልፎ አልፎ» ከተባሉት አንዷ ነኝ። ቶንሲሌን ያስወጣሁት ልጅ ወልጄ፣ ልጄም ትምህርት ቤት ገብታ፣ ወደ አርባ ስጠጋ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ትንሽ እንድትረዝም ብዬ ነው የጻፍኩላችሁ።

ሥራዬ ስልክ ማንሳት ነው። የጥሪ ማዕከል ውስጥ ሄድሴት አድርጌ ቀኑን ሙሉ የሰው ቅሬታ እሰማለሁ፤ እመልሳለሁ። እንጀራዬ በድምፄ ነው። ጉሮሮው የታመመ ሂሳብ ሠራተኛ አፉን ዘግቶ ሥራውን ሲሠራ ሊውል ይችላል። እኔ አልችልም።

ደጋግሞ ቶንሲል የሚይዘውን ሰው «ምንህን ነው የሚያምህ?» ብትሉት ጉሮሮዬን ነው የሚላችሁ። ውሸት አይደለም። ምራቅ መዋጥ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ትኩሳቱ አለ፤ ብርድ ብርድ ማለቱ አለ፤ አገጭ ሥር የሚያብጠው እጢ አለ። ይሁን እንጂ ሕመሙ መጥቶ ይሄዳል። የከፋው በሁለት ሕመም መሃል ያለው ጊዜ ነው። ደህና በሆንኩበት ሳምንት እንኳ ደህና መሆኔን አላምነውም ነበር። ማታ በግራ በኩል ትንሽ ከከረከረኝ «መጣ!» እላለሁ፤ እንቅልፍም አይወስደኝም። መስታወት ፊት ቆሜ፣ አፌን ከፍቼ፣ የስልኬን መብራት ወደ ውስጥ አበራለሁ። ነጭ ነጥብ ካየሁ በቃ፣ የዚያ ሳምንት ነገር አበቃለት።

እንዲህ ሲኖር ሰው ቀጠሮ መስጠት ይፈራል። «ደህና ከሆንኩ እመጣለሁ» የሚለው አባባል የአፌ ማር ሆኖ ነበር። እህቴ መጀመሪያ ላይ ታዝንልኝ ነበር። ቆይታ ትስቅብኝ ጀመር። በኋላ ጭራሽ መጥራቱን ተወችው። ይህን «የጉሮሮ ሕመም» ብሎ መዝገብ የሚይዝለት ሐኪም የለም።

ሰው ደፍሮ የማያወራው ሌላም ነገር አለ። ቶንሲል ላይ ትንንሽ ስርጉድ ቦታዎች አሉ። የምግብ ፍርፋሪ፣ የሞተ ሕዋስና ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ይጠራቀምና እየጠነከረ ጠጠር ይሆናል። የቶንሲል ጠጠር ይሉታል። ገዳይ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አያምም። ሽታው ግን አይጣል ነው። ጥርሴን ስንት ጊዜ ብፍቅ ለውጥ የለውም፤ ምንጩ ጥርስ አይደለማ። ከሰው ጋር ሳወራ ፊቴን ዞር ማድረግ፣ እጄን አፌ ላይ ማድረግ፣ ሊፍት ውስጥ ትንፋሼን መዋጥ ለምዶብኝ ነበር። ደግነቱ በስልክ ሽታ አይሄድም። አንዳንዴ ይህን ሥራ የመረጥኩት ለዚህ ይሆን እንዴ እላለሁ።

እኛ ጋ ጥሪዎች ይቀዳሉ። የጥራት ክትትል የሚባል ክፍል አለ፤ የተቀዳውን ይሰማና ነጥብ ይሰጣል። በአንዱ ወር ነጥቤ ሥር «ድምፅ የደከመ፤ ደንበኛውን ታቻኩላለች» የሚል ማስታወሻ ተጽፎ አየሁ። ተናደድኩ። ከዚያ ሱፐርቫይዘሬ ጎን ተቀምጬ ቅጂውን ሰማሁት። እውነት ነው። ደንበኛው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እየገባሁበት ነው። ለመናገር ሳይሆን ቶሎ ጨርሼ ምራቄን ለመዋጥ ነበር የምቸኩለው። ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አንገት በላይ ሐኪሙ ሰው አክባሪ ናቸው። ካርዴን እያገላበጡ «ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ታመምሽ?» አሉኝ። ጥያቄው ከየት እንደመጣ በኋላ ነው ያነበብኩት። በብዙ አገር የሚሠራበት መስፈርት አለ። በአንድ ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ ሁለት ዓመት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ ሦስት ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ የታመመ ሰው ቶንሲሉ ቢወጣለት ይጠቀማል ይላል። መነሻው ጃክ ፓራዳይዝ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ፒትስበርግ ውስጥ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ጥናት ነው። ልብ በሉ፣ የተጠኑት ልጆች ናቸው። ሕመሙም እንዲቆጠር ዝም ብሎ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ማለት አይበቃም። ትኩሳት፣ ያበጠ እጢ፣ ቶንሲል ላይ መግል መሰል ነገር፣ ወይም በምርመራ የተገኘ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ መኖር አለበት።

መስፈርቱን አልነቅፈውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአውሮፓና በአሜሪካ የልጆች ቶንሲል በገፍ ይወጣ ነበር። አንድ ልጅ ሲታመም ወንድሞቹም አብረው የሚወሰዱበት ጊዜ ነበር። ልጓም ያስፈልገው ነበር፤ ቁጥሩ ልጓም ሆነ። ችግሩ አዋቂ ሰው በታመመ ቁጥር ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ግማሹን ቤቱ ተኝቶ፣ በሙቅ ውሃና በጨው ጉሮሮውን እያጠበ፣ በማስታገሻ ያሳልፈዋል። ካርድ ላይ የሚገባው የባሰበት ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ «ስንት ጊዜ?» ሲባል ካርዱ አንድ ቁጥር ይናገራል፣ ቤት ያለው ሰው ሌላ ይናገራል። ባለቤቴ ከጎኔ ባይኖር እኔም ካርዱን ይዤ ነበር የምመለሰው። «ዶክተር፣ እዚህ ያልተጻፈውን እኔ ልንገርዎት» ብሎ አንድ በአንድ ዘረዘረው። የልጃችን ልደት፣ የእህቴ ምርቃት፣ የሥራ ፈተናዬ፤ እሱ የሚያስታውሰው በቀን አይደለም፣ በቀረሁበት ዝግጅት ነው። ሐኪሙ ብዕራቸውን አስቀምጠው አዳመጡት።

እናቴ ደግሞ ሌላ ስጋት ነበራት። «ቶንሲል እኮ በር ጠባቂ ነው፤ እሱ ከወጣ ሁሉም በሽታ ይገባል» አለችኝ። ከመሬት ተነስታ አይደለም። ቶንሲል የሰውነት መከላከያ አካል መሆኑ እውነት ነው። በአፍና በአፍንጫ የሚገባውን ጀርም ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው። ብቻውን ግን አይደለም። ጉሮሮ ዙሪያ፣ ከአፍንጫ ጀርባም፣ ከምላስ ሥርም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሥጋ እንደ ቀለበት ተደርድሯል። በጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ስም የዋልዳየር ቀለበት ይባላል። ሁለቱ ሲወጡ የቀሩት አሉ። በዚያ ላይ የቶንሲል ትልቁ ሥራ በልጅነት ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር እየሟሸሸ ይሄዳል። ቶንሲሉን ያስወጣ አዋቂ በዚህ ሰበብ መከላከያው ተዳክሞ በሽተኛ ሆነ የሚያሰኝ ነገር በጥናት አልታየም። እናቴ ይህን ስነግራት «እስቲ እናያለን» አለች። እስካሁን እያየች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጽሑፋችሁ «ቀላልና አጭር ቀዶ ሕክምና» ይላል። ቀዶ ሕክምናው አዎ፣ አጭር ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል፣ በአፍ በኩል ይገባል፣ ውጭ ላይ ጠባሳ የለም፣ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቀላል የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ለአዋቂ ሰው ቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ቀላል አይደሉም። ልጆች በጥቂት ቀን ውስጥ ተነስተው ሲሮጡ ይታያሉ። አዋቂ ግን የበለጠ ያመዋል፣ ቀስ ብሎ ይድናል፣ የመድማት ዕድሉም ከልጅ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ቀን አታለለኝ። ማደንዘዣው ሙሉ ለሙሉ አልለቀቀኝም ነበርና «ይሄ ነው እንዴ?» አልኩ። ሦስተኛው፣ አራተኛው ቀን ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ጠዋት ስነቃ አፌ ደርቆ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ ያለ ይመስለኛል። ማስታገሻዬን እስካልወሰድኩ ድረስ ውሃ አይወርድልኝም፤ ማስታገሻውን ለመዋጥ ደግሞ ውሃ ያስፈልጋል። በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር ሕመሙ እስኪመጣ መጠበቅ እንደማይገባ ነው። ሐኪሙ ያዘዘውን ፓራሲታሞል በሰዓቱ መውሰድ፣ ለሌሊቱም ደወል ሞልቶ መነሳት ይሻላል። አንዱን ዙር ከዘለላችሁ ቀጣዩን ሰዓት ሙሉ ትከፍላላችሁ። አስፕሪን ግን ደም ስለሚያቀጥን ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ አይነካም።

ከዚያ ጆሮዬ ጀመረኝ። ጉሮሮ ተቀዶ ጆሮ ማመሙ ግራ ያጋባል። ባለቤቴ ጆሮዋ ተመረዘ ብሎ ሊወስደኝ ተነስቶ ነበር። ጆሮው ምንም አልሆነም። ከቶንሲል አካባቢ ስሜት የሚያመጣው ነርቭ ቅርንጫፉን ወደ መሃል ጆሮም ይልካል፤ አእምሮ ከየት እንደመጣ ይምታታበታል። አስቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ያን ሌሊት በሰላም እናድር ነበር።

ቶንሲሉ የነበረበት ቦታ ነጭና ቢጫ ሆኖ ይሸፈናል። ያያችሁት እንደሆነ መግል ነው ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። መግል አይደለም፤ ቁስሉ ሲድን የሚለብሰው ነው። ውጭ ቆዳ ላይ ቢሆን ደርቆ ቅርፊት ይሆን ነበር፤ አፍ ውስጥ እርጥብ ስለሆነ እንዲህ ይመስላል። ይሸታልም። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይህ ሽፋን መላቀቅ ይጀምራል። ሰው ተሻለኝ ብሎ የሚዝናናበት ጊዜ ነው፤ የመድማት ስጋት ያለውም በዚሁ ጊዜ ነው። ምራቅ ውስጥ የምትታይ ቀጭን የደም መስመር ልትኖር ትችላለች። ትኩስ ቀይ ደም ከመጣ ግን «እስኪ ልጠብቅ» የሚባል ነገር የለም፤ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ማታም ቢሆን። እኔ አልደማሁም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ሳምንት ከሞላው በኋላ ደምቶ እንደገና ገብቷል። በሰላም ወጥቷል፤ ያን ሌሊት ግን እስካሁን ያነሳዋል።

መብላትና መጠጣት ያስፈልጋል፤ ቢያምም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጉሮሮ ይደርቃል፣ ይገተራል፣ ሕመሙም ይብሳል። እኔ ቀዝቃዛ ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጎነጭ ነበር የምውለው። ሽንቴ ከጠቆረ አልጠጣሁም ማለት ነው፤ መለኪያዬ እሱ ነበር። መናገር አልቻልኩም። ልጄ የምትጫወትበትን ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ማርከር አዋሰችኝ። የምፈልገውን እዚያ ላይ እጽፋለሁ፣ እሷ ጮክ ብላ ታነባለች። «እማዬ ውሃ ትፈልጋለች! እማዬ መብራቱን አጥፉት ትላለች!» አንዴ «ሕመም» ብዬ ስጽፍ በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ አርማኛለች። አስተማሪዋ ይባረኩ። ሳቄ መጣና መሳቁ ራሱ አመመኝ።

እዚህ ላይ ለመሥሪያ ቤቶች አንድ ነገር ልበል። ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ለአዋቂ የሚመከረው የዕረፍት ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የሕመም ፈቃድ ወረቀቴን ይዤ የሰው ኃይል ክፍል ስሄድ «ለቶንሲል? ይሄ ሁሉ?» ተባልኩ። የተናገረችው ልጅ ክፉ አይደለችም። የሷ ቶንሲል የወጣው ልጅ ሆና ነው፤ የምታስታውሰው አይስክሬም መብላቷን ብቻ ነው። በድምፁ የሚሠራ ሰው ግን በሳምንቱ ተመልሶ ሄድሴት ቢያደርግ ቀኑን ሙሉ ማውራት አይችልም። ከቻለም ቁስሉን እየጎዳ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ስቃይ ያዋጣል? እኔ በግሌ አዎ እላለሁ። የእኔ አዎ ብቻውን ግን ለአንባቢ ብዙ አይጠቅመውም፤ ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ያገኘሁትን አንብቤያለሁ።

ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሰው ኑሮ ተሻሻለ ወይስ ባሰ የሚለውን የሚጠይቁበት አንድ የታወቀ መጠይቅ አለ። ስኮትላንድ ግላስጎው ውስጥ የተዘጋጀ ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። 18 ጥያቄዎች አሉት። ውጤቱ ከ100 ኔጌቲቭ እስከ 100 ፖዘቲቭ ይሄዳል፤ ዜሮ ማለት ምንም ለውጥ የለም ማለት ነው። የገረመኝ ጥያቄዎቹ ናቸው። ስለ ጉሮሮ የሚያነሳው የለም ማለት ይቻላል። ሰው መሃል ስትሆን ትሸማቀቃለህ? በራስህ ትተማመናለህ? በሥራ ዕድልህ ላይ ያለህ እምነትስ? ከሰው ጋር ትገናኛለህ ወይስ ትርቃለህ? ሐኪም ዘንድ የምትሄደው፣ መድኃኒት የምትወስደው ቀነሰ ወይስ ጨመረ? እኔን ካርዴ ያልጠየቀኝን ሁሉ ይህ ወረቀት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በዚህ መጠይቅ 83 አዋቂዎችን ጠይቆ ውጤቱ ወደ መሻሻል ያደላ ሆኖ አግኝቶታል። አንቲባዮቲክ መውሰድ፣ ሐኪም ቤት መመላለስና ከሥራ መቅረት ቀንሷል።

እዚህ ላይ ግን የሥራ ጠባዬ መጣብኝ። እኔ የደንበኛ እርካታ መጠይቅ ለዓመታት በስልክ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ችግሩ ተፈትቶለት የረካን ሰው «ከአምስት ስንት ይሰጡናል?» ብትሉት አምስት ነው የሚላችሁ። ያልረካው ስልኩን አያነሳም። ጊዜ ካለፈ በኋላ «ያኔ እንዴት ነበሩ?» ብላችሁ ብትጠይቁም ሰው የድሮውን ከነበረው አብልጦ ያጠቁረዋል። ሁለት ሳምንት ተሰቃይቶ የወጣ ሰው ደግሞ «በከንቱ ነበር» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ውጤት አልጥለውም፤ ግን በሙሉ ልብም አልቀበለውም።

የበለጠ ያሳመነኝ በብሪታንያ 27 ሆስፒታሎች የተካሄደው ናቲና የተባለው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ጉሮሯቸው እየተመላለሰ የሚታመም፣ ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 453 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ቶሎ ቶንሲላቸው ወጣ፤ ግማሾቹ በተለመደው ሕክምና እንዲጠብቁ ተደረገ። ከዚያ ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ በአጭር መልእክት፣ በኢሜይል ወይም በስልክ ስንት ቀን እንደታመሙ ይጠየቃሉ። የምወደው ይህንን ነው፤ በየሳምንቱ የተጠየቀ ሰው አያሳምርም፣ አያከፋም። ውጤቱ እንዲህ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የጉሮሮ ሕመም ቀኑ፣ መሃል ላይ ያለውን ሰው ብንወስድ፣ ቶንሲላቸው በወጣው በኩል 23፣ በጠበቁት በኩል 30 ቀን ነበር። ሲጀምሩ የነበራቸው የሕመም ክብደት ከግምት ሲገባ የወጣላቸው የታመሙበት ቀን ከጠበቁት ወደ ግማሽ ይጠጋል። በሌላ በኩል ቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 19 በመቶው ላይ መድማት ተመዝግቧል። የሞተ የለም።

23 እና 30! መጀመሪያ ሳየው ደነገጥኩ። ለሰባት ቀን ነው እንዴ ያን ሁሉ የቻልኩት? ቆይቼ ሳስበው ግን ቁጥሩ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ ቶንሲል ወጣ ማለት ጉሮሮ ዳግም አይታመምም ማለት አይደለም። የወጣላቸውም ታመዋል። ጉንፋን አለ፣ ቫይረስ አለ፤ ጉሮሮ ራሱ እዚያው ነው። ይህን ሳይነገረው የሚገባ ሰው በመጀመሪያው ጉንፋን «ተበላሁ» ይላል። ሁለተኛ፣ ቀን መቁጠር ብቻውን ቀኑ ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ አይናገርም። እኔም ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዬን አሞኛል። ይከረክረኛል፣ ያልፋል። ሥራ እገባለሁ። ትኩሳት ይዞኝ፣ አንቲባዮቲክ ታዝዞልኝ፣ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ የምውልበት ዓይነቱ ግን ተመልሶ አልመጣም።

ሌላው ለውጥ ትንንሽ ነው። ጠጠሩ ቀርቷል። ሰው ፊት ለፊት አወራለሁ፣ ልጄን ጠዋት አፏ ላይ እስማለሁ። የማስታገሻ ከረጢቴ ቦርሳዬ ውስጥ የለም፤ ለምን ቦርሳዬ እንደቀለለኝ ለመገንዘብ ራሱ ጊዜ ወሰደብኝ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሁሉም ነገር ብረት ብረት ይለኝ ነበር። ይህ የሚያጋጥማቸው ሰዎች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል፤ እኔንም ለቅቆኛል። እህቴ ድጋሚ መጥራት ጀምራለች። አሁን የምቀር ከሆነ ስንፍናዬ ነው፤ ሰበብ የለኝም።

ድምፄስ? የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ በተለይ የሚዘፍኑ፣ የሚያስተምሩ። አልተቀየረም። ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ የድሮውንና ያሁኑን ቅጂ አንድ ላይ ሰማን። ያው እኔ ነኝ። ያልሰማሁት ችኮላውን ነው። አሁን ደንበኛው ሲያማርር ዝም ብዬ አስጨርሰዋለሁ። አንዱ ደንበኛማ እስኪጨርስ ስጠብቀው «ሃሎ? አሉ?» ብሎኛል፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት።

ይህን ያነበበ ሁሉ ነገ ቶንሲሌን አውጡልኝ ብሎ እንዲሄድ አልፈልግም። ጉሮሮው ጠዋት ጠዋት የሚያቃጥለው ሰው ጨጓራው አሲድ እየመለሰበት ይሆናል። አለርጂ ያለበትም አለ። ለነዚህ ቶንሲል ቢወጣ ምንም አይፈይድም። የሚያንኮራፋና እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ቶንሲሉ ትልቅ ከሆነ ሊጠቀም ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የእንቅልፍ ምርመራ ነው። ከጎን መግል ቋጥሮ አፍ እስከማያስከፍት የደረሰበት ሰው ደግሞ ሊቆይ አይገባውም፤ እሱ ድንገተኛ ነው። አንዱ ቶንሲል ብቻ ሳይታመም እያደገ ከሄደም በሐኪም መታየት አለበት። ዓመት ጠብቆ መቁጠር ለዚያ አይሠራም። እንዲሁ አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ሰው ሳይጨርስ አያቋርጥ። በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በደንብ ካልታከመ የልብ ቫልቭ ድረስ የሚሄድ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ቶንሲል ማስወጣት የመድኃኒቱ ምትክ አይደለም።

ጽሑፉን ያዘጋጁት ሐኪም ይህን ደብዳቤ ካዩልኝ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የእኔ ሳይሆን አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ነው። ትኩሳት የለባትም፣ በዓመት አንዴም አትታመም ይሆናል። ያላት ጠጠር ብቻ ነው። በየሳምንቱ ይወጣል፣ ተመልሶ ይሞላል፤ ሰው አጠገብ መቀመጥ ትታለች፣ ምሳዋን ብቻዋን ነው የምትበላው። በ7ቱም፣ በ5ቱም፣ በ3ቱም መስፈርት ዜሮ ናት። ሁለት ሳምንት ሕመምና የመድማት ስጋት ለጠጠር ብቻ ይገባል ወይ? ካልሆነስ ጨው ባለው ውሃ ከመጉመጥመጥ ውጭ ምን ይደረግላታል? ስሟ እንዳይነሳ አደራ ብላኛለች፤ መልሱን ግን በቀጣዩ እትም ትጠብቃለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ የሆነች አንባቢያችሁ